ለወዳጃችን ያልነገርነው ምስክርነት



ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንድ ወንድማችን ከነባለቤቱ ቤታችን መጣ። የምንኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። እነርሱም ከእኛ ብዙ አይርቁም። ስማቸውን አንጠቅስም፤ ይህን እንድንጽፍ ግን ሁለቱም ፈቅደውልናል። እንዲያውም «ለሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል፣ ጻፉት» ያሉን እነርሱ ናቸው።

ወንድማችን ዘጠኝ ዓመት ኡበር ነድቷል። ባለቤቱ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሌሊት ተራ ትሠራለች። እርሱ ሲገባ እርሷ ትወጣለች፤ ሁለቱ ልጆቻቸው አባትና እናታቸውን አንድ ላይ የሚያዩት እሑድ ብቻ ነው። ስለዚህ «የራሳችን ሥራ ቢኖረን» የሚለው ሐሳብ ለእነርሱ የሀብት ምኞት አልነበረም። አብሮ እራት የመብላት ምኞት ነበር።

ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ወንድማችን ከጃኬቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የኪራይ ውል ነው። አንድ ትንሽ ካፌ የያዘ ሰው ሥራውን ሊተው ስለ ሆነ ማሽኑን፣ ፍሪጁንና ወንበሩን በ25,000 ዶላር ሊሸጥለት ተስማምቷል። ወንድማችን ዕቁብ የወጣለትና ያጠራቀመው ተደምሮ 38,000 ዶላር አለው። ቡና ይሸጣል፤ ቀን ቀን ደግሞ እንጀራ በወጥ ያቀርባል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሕንፃው ባለቤት ከእርሱ ሌላ አንድ ዋስ ይፈልጋል።

«ጋሼ፣ ከእናንተ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም» አለ።

እኛም «እንጸልይበታለን» አልነው።

እውነቱን እንናገር። በዚያን ሰዓት «እንጸልይበታለን» ያልነው ልንጸልይ አስበን አልነበረም። «እምቢ» ማለት ስላፈርን፣ «እሺ» ማለትም ስለፈራን ነው። ስንቶቻችን ነን የጸሎትን ስም ጊዜ መግዣ ያደረግነው? ወንድማችን ግን በቅንነት ተቀበለን። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ የተናገረው ነገር ነው እንቅልፍ የነሳን፦ «እናንተም እኮ ሱቅ ነበራችሁ። ጌታ ወደ ሌላ ነገር ባይመራችሁ ኖሮ ዛሬ የት በደረሳችሁ!»

ጌታ ወደ ሌላ ነገር መራቸው። ይህን ታሪክ ለቤተ ክርስቲያን የነገርናት እኛው ነን። እውነቱ ግን እንዲህ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የባልትና ሱቅ ከፍተን ነበር። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ የጀበና ቡና፣ ከሌሎች የምንረከበው እንጀራ እንሸጥ ነበር። በመክፈቻው ቀን ቅዱሳን መጥተው ጸለዩልን፤ ሱቁ ሞላ። በሁለተኛው ሳምንት የመጡት ግማሾቹ ነበሩ። በሦስተኛው ወር ከወዳጆቻችን ውጪ የሚገባ ሰው ጥቂት ሆነ። በ14ኛው ወር ዘጋን።

ስንከፍት ኤል ኤል ሲ የሚባለውን ድርጅት አቋቁመን ስለነበር «ሥራው ቢከስር የሚከስረው ድርጅቱ ነው፤ የእኛን ቤት አይነካም» ብለን አምነን ነበር። በኪራይ ውሉ የመጨረሻ ገጽ ላይ ግን የግል ዋስትና የሚል ክፍል ነበረ፤ ሁለታችንም ሳናነበው ፈርመንበታል። ስንዘጋ የሕንፃው ባለቤት የጠየቀው ድርጅቱን ሳይሆን እኛን ነው። ኤል ኤል ሲ የሚጠብቀን በራሳችን ስም ካልፈረምንበት ዕዳ ነው። በገዛ እጃችን ከፈረምን ጥበቃውን ራሳችን አንስተነዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይብሳል፤ ምክንያቱም አለማወቅ አልነበረም። ከደንበኛ የምንሰበስበው የሽያጭ ታክስ የእኛ ገንዘብ አይደለም። የስቴቱ ገንዘብ ነው፤ እኛ ዘንድ የሚቆየው በአደራ ነው። ኪራዩ ሲያንቀን ግን ያንን ገንዘብ አንስተን ኪራይ ከፈልንበት። «በሚቀጥለው ወር እንተካዋለን» አልን፤ አልተካነውም። ጌታችን የቄሣርን ለቄሣር ስጡ ያለውን ቃል በእሑድ ትምህርት ቤት እያስተማርን፣ በሰኞ የቄሣርን ገንዘብ ለሌላ ነገር አዋልን። ከቅጣቱ ጋር፣ ከክሬዲት ካርዱ ጋር፣ ከቀረው ኪራይ ጋር 31,000 ዶላር ዕዳ ቀረብን። ከፍለን ለመጨረስ አራት ዓመት ፈጀብን።

በቤተ ክርስቲያን «ሱቁስ?» ሲሉን «ጌታ ወደ ሌላ ነገር መራን» እንል ነበር። ያፈርነው በኪሳራው ነበር፤ ከኪሳራው በላይ ሊያሳፍረን የሚገባው ግን በጌታ ስም የሸፈንነው ውሸት ነበር። ያ ውሸት ለዓመታት ማንንም የጎዳ አልመሰለንም። አሁን ግን አንድ ወንድም የዘጠኝ ዓመት ድካሙን ይዞ በእኛ የሐሰት ምስክርነት ላይ ሊቆም ተነሥቷል።

በሚቀጥለው ሳምንት ወንድማችን ተመልሶ መጣ። ደስ ብሎታል። በአንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይ እንግዳ አገልጋይ እጁን ጭኖ «በፊትህ የተከፈተ በር አያለሁ» ብሎታል። እኛ በመንፈስ ቅዱስ ስጦታ እናምናለን፤ የተነገረውን ቃል ሐሰት ነው አላልንም፤ ልንልም ሥልጣኑ የለንም። ያልነው ይህን ብቻ ነው፦ «በሩን የከፈተው ጌታ ከሆነ፣ ቁጭ ብሎ ሒሳብ መሥራት አይዘጋውም።» በሉቃስ ምዕራፍ 14 ላይ ጌታ ደቀ መዝሙርነት ምን እንደሚያስከፍል ሲያስተምር ግንብ ሊሠራ ያሰበውን ሰው ምሳሌ አድርጎ አቀረበ። ትምህርቱ ስለ ንግድ አይደለም። ነገር ግን ሁሉም ሰሚ የሚስማማበትን ነገር ነው ምሳሌ ያደረገው፤ መሠረት ጥሎ መጨረስ ያቃተው ሰው መሳቂያ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ወጪን አስቀድሞ መቁጠር የእምነት ጉድለት ቢሆን ኖሮ ጌታ ምሳሌ ባላደረገው ነበር።

ከዚያ በኋላ የራሳችንን ታሪክ ነገርነው። ከመክፈቻው ቀን እስከ መዝጊያው፣ የታክሱንም ሳይቀር። ስንጨርስ ቤቱ ጸጥ አለ። ባለቤቱ አቀርቅራ ነበር።

«እና ዋስ አትሆኑኝም ማለት ነው?» አለ።

«አንሆንህም» አልነው። የአምስት ዓመት ውል ነው። በወር 3,800 ዶላር በአምስት ዓመት 228,000 ዶላር ይሆናል። እኛ ይህን ያህል ገንዘብ የለንም። የሌለንን ለመክፈል ብንፈርም የምንሰጠው ቃል ሐሰት ነው። የምሳሌ መጽሐፍ በምዕራፍ 22 ለሰው ዕዳ ዋስ የሚሆነውን ሰው የሚያስጠነቅቀው በዚህ ነገር ነው፤ የምትከፍለው ከሌለህ የምትተኛበት አልጋ እንኳ ይወሰድብሃል ይላል አሳቡ። «ነገር ግን 3,000 ዶላር አለን። ብድር አይደለም፤ ለምታደርገው ሁሉ ስጦታ ይሁንህ» አልነው።

ወረቀቱን አጠፈ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ገንዘብ ግን አልጠየቅኋችሁም» ብሎ ወጣ። ባለቤቱ እንባዋን እየጠረገች ተከተለችው።

ሦስት ወር ወደ ቤት ኅብረታችን አልመጣም። በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከሩቅ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል። በዚያ ጊዜ ብዙ ራሳችንን መረመርን። ያዳንነው እርሱን ነው ወይስ ራሳችንን? ከእኛ ስብራት የተነሣ የእርሱን ተስፋ ሰበርንበት ወይ? ጌታ ፊት ስንቀርብ መልሱ ሁለቱም እንደ ሆነ ተናዘዝን። ምክራችን ትክክል ነበር ብለን እናምናለን፤ ፍርሃት ግን ተቀላቅሎበታል። ደግሞም የዘገየ ነበር። ይህን ታሪክ ከዓመታት በፊት በግልጽ ተናግረን ቢሆን ኖሮ ወንድማችን ገና ዕቁቡን ሳይቀበል ያውቀው ነበር። በኤፌሶን ምዕራፍ 4 ጳውሎስ እርስ በርሳችን ብልቶች ስለ ሆንን ውሸትን አስወግደን እውነትን እንነጋገር ይላል። ምክንያቱ አስደነገጠን፦ ብልቶች ስለ ሆንን። እግር የተሰበረበትን ጉድጓድ ዓይን ቢደብቀው የሚወድቀው ያው አካል ነው።

በጥር ወር አንድ ቀን ማታ በሩ ተንኳኳ። ወንድማችን ነው፤ በእጁ የልጁን የትምህርት ቤት ደብተር ይዟል።

ያን እሑድ ከእኛ ቤት ተቆጥቶ ቢወጣም ሒሳብ ስለ መሥራት የተናገርነው ከጆሮው አልወጣም። ዋስ የሚሆነው ሌላ ሰው አግኝቶ ነበር። ሊፈርም ቀጠሮ ከያዘ በኋላ ግን መኪናውን ከካፌው ፊት ለፊት አቁሞ ሰው መቁጠር ጀመረ። ሦስት ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ደብተሩ ላይ መስመር እያሰመረ። ከሁሉ የተሻለው ቀን የገባው ሰው 41 ነው። የሚሸጥለት ሰውዬ «በቀን ከመቶ በላይ ይገባል» ብሎት ነበር።

ከዚያ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ወጪውን ጽፏል። ኪራይ 3,800። ከኪራዩ ውጪ ለሕንፃው የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስና ጥገና የሚደርስበት ድርሻ 950፤ ውሉ ትሪፕል ኔት የሚባለው ዓይነት ስለ ነበረ ይህ በተከራዩ ላይ ነው። መብራት፣ ውኃና ጋዝ 650። የሥራው ኢንሹራንስ 200። የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ 2,400። ድምሩ በወር 8,000 ዶላር። አንድ ሰው በአማካይ 9 ዶላር ቢያወጣ፣ 4ቱ ለዕቃው ይሄዳል፤ 5 ዶላር ይቀራል። 8,000 ለ5 ሲካፈል 1,600 ሰው። በወር 26 ቀን ቢከፍት በቀን 62 ሰው ማለት ነው። ያውም ለራሱ አንድ ዶላር ደመወዝ ሳይወስድ።

«ጋሼ፣ 41 ሰው ነው የቆጠርኩት፤ የሚያስፈልገኝ 62 ነው» አለ። ቀጥሎም «ሌላም አለ» ብሎ ገጹን ገለጠ። ካለው 38,000 ላይ 25,000 ለዕቃው፣ 7,600 ለሁለት ወር መያዣ ሲከፍል የሚተርፈው 5,400 ዶላር ነው። የአንድ ወር ወጪ እንኳ አይሸፍንም።

ምንም አላልንም። ተነሥተን አቀፍነው። «እኔ ፈሪዎች መስላችሁኝ ነበር» አለ። «ፈሪዎችም ነበርን» አልነው። ሦስታችንም አለቀስን፤ ከዚያ በኋላ ሳቅን።

በዚያ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ተቀምጠን ተመካከርን። ይህ ሁለተኛው ምክር ከመጀመሪያው የተለየ ነበር፤ «አትጀምር» የሚል ሳይሆን «እንዴት ትጀምራለህ?» የሚል ነበር። በዚያ የተነጋገርነውን ለሌሎችም እንዲጠቅም በአጭሩ እንጻፈው።

በቨርጂኒያ ኤል ኤል ሲ ለመመዝገብ ለስቴቱ የኮርፖሬሽን ኮሚሽን የሚከፈለው 100 ዶላር ነው፤ በየዓመቱ ደግሞ 50። የግብር መለያ ቁጥሩን የፌዴራሉ የገቢ መሥሪያ ቤት፣ አይ አር ኤስ፣ በነጻ ነው የሚሰጠው፤ ለዚህ ብቻ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ አያስፈልጋችሁም። ለሽያጭ ታክስ የተለየ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ ያ ገንዘብ በገባበት ቀን ወደዚያ ይሂድ፤ የእናንተ አይደለምና አትዩት። በራሱ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለው 15.3 ከመቶ እንደ ሆነና ግብሩም በዓመት አራት ጊዜ እንደሚከፈል ወንድማችን ከኡበሩ ያውቀዋል። ምግብ የሚሸጥ ሰው የሚያስፈልገውን ፈቃድ ሳይዝ አይጀምር፤ በቤት ኩሽና ጋግሮ መሸጥን በተመለከተ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ደንብ ስላለው «እገሌ እኮ ያደርገዋል» ብሎ መጀመር አይበቃም።

የኪራይ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ ያንብበው። የጥቂት መቶ ዶላር ክፍያ ከብዙ ሺህ ዕዳ ያድናል። የግል ዋስትናውን በጊዜ ወይም በገንዘብ መጠን መወሰን ይቻል እንደ ሆነ ጠይቁ፤ አምስት ዓመቱን አሳጥሮ የማደስ መብት መጨመር ይቻል እንደ ሆነም ጠይቁ። መጠየቅ አያስቀጣም። ደግሞም ምክር ከእኛ ብቻ አትውሰዱ። ስኮር የሚባለው ድርጅት በሥራ የኖሩ ሰዎች ያለ ክፍያ የሚመክሩበት ነው፤ ከመንግሥቱ የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር ጋር ይሠራል። እዚሁ አርሊንግተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት ለአነስተኛ ሥራ ብድርና ምክር የሚሰጥ ክፍል አለው።

ወንድማችን ካፌውን አልገዛም። ባለቤቱ ግን ለዓመታት የኅብረታችንን እንጀራ የምትጋግር ሴት ናት፤ እርሾዋን የማያመሰግን የለም። ስለዚህ ፈቃድ ያለው የጋራ ኩሽና በሰዓት ተከራይተው፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት እንጀራ መጋገር ጀመሩ። ሁለት ምጣድ ገዙ፤ ያንን 3,000 ዶላር በዚህ ጊዜ ተቀበሉን። መጀመሪያ ደንበኞቻቸው 11 ቤተሰቦች ነበሩ። ዛሬ 37 ቤተሰቦችና ሁለት ሱቆች ናቸው። እርሱ አሁንም ኡበር ይነዳል። እርሷ ከአምስት ሌሊት ሦስቱን ብቻ ትሠራለች። አብረው እራት የሚበሉት አሁን እሑድን ጨምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ከ38,000ው አብዛኛው እንዳለ ነው። ካፌ ይከፍቱ ይሆናል፤ ላይከፍቱም ይችላሉ። ያዕቆብ በምዕራፍ 4 ወደ ከተማ ሄደን እንነግዳለን፣ እናተርፋለን የሚሉትን አትነግዱ አላላቸውም፤ ጌታ ቢፈቅድ በሉ አላቸው እንጂ።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18ን ከዚያ ወዲህ በሌላ ዓይን እናነባለን። አቂላና ጵርስቅላ ባልና ሚስት ናቸው። ከሮም እንዲወጡ ስለ ታዘዙ በቆሮንቶስ ስደተኞች ነበሩ። ድንኳን ይሰፋሉ። ጳውሎስ ወደ እነርሱ መጥቶ አብሯቸው ኖረ፤ ሥራቸው አንድ ስለ ነበረ አብሯቸው ሠራ። በባዕድ አገር ያለች አንዲት ትንሽ ሥራ ሐዋርያውን አስተናገደች። በምዕራፍ 16 ላይ ያለችው ልድያም ከትያጥሮን መጥታ በፊልጵስዩስ ሐምራዊ ጨርቅ የምትሸጥ ነጋዴ ናት፤ ጌታ ልቧን ከፈተላት፣ እርሷም ቤቷን ከፈተች። እግዚአብሔር በሰው አገር የሚለፋውን ሰው ሥራ አይንቅም። ስለዚህም ነው በእውነት ልንሠራው የሚገባን።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ሥራ ልትጀምሩ አስባችሁ ከሆነ፣ ተስፋችሁን ለመስበር አልጻፍንም። ደብተር ይዛችሁ ከበሩ ፊት ለፊት ቁጭ በሉ። ቁጥሩ የሚላችሁን ስሙ፤ ከዚያ ቁጥሩን ይዛችሁ በጌታ ፊት ተንበርከኩ። ምክር የተጠየቃችሁ ደግሞ ከሆናችሁ፣ «እንጸልይበታለን» ካላችሁ በእውነት ጸልዩ። የከሰራችሁበትንም ነገር ለወዳጃችሁ አትደብቁት። እኛ ያፈርንበትን ታሪክ ጌታ ለአንድ ቤተሰብ መጠበቂያ አደረገው። ቀደም ብለን ተናግረነው ቢሆን ኖሮ ለስንት ሰው በሆነ ነበር!

አባት ሆይ፣ በስምህ የሸፈንነውን ውሸት ይቅር በለን። በሰው አገር ሌት ተቀን የሚለፉትን ልጆችህን እጅ ባርክ። በሩ ያንተ ሲሆን ለመግባት ድፍረት፣ ያንተ ካልሆነም ለመመለስ ትሕትና ስጠን። እውነትን በፍቅር የሚነግሩን ወዳጆች ስጠን፤ እኛንም ለሌሎች እንደዚያ ዓይነት ወዳጆች አድርገን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።